ጭንቀትን የሚያክመው ሰው ምን ይሠራል?

ለፍኖተ ሰላም ወላጆች፣ መምህራንና ወጣቶች የቀረበ ዲስኩር



ሥራህ ምንድን ነው ተብዬ «የወጣቶችን ጭንቀት አክማለሁ» ስል የሚገጥመኝ መልስ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ይስቅና «እንግዲያው አሁንም እየመረመርከኝ ነዋ!» ይላል። ሌላው ወንበሩን ሸሸት ያደርጋል። ሦስተኛው ሰው እስኪበተን ይጠብቅና ጠጋ ብሎ «አንዲት የዘመድ ልጅ ነበረች...» ሲል ይጀምራል። ያቺ የዘመድ ልጅ ብዙ ጊዜ የገዛ ልጁ ሆና ትገኛለች። የዛሬው ንግግሬ በተለይ ለዚህ ለሦስተኛው ሰው ነው። ልጁን ይወዳል፣ መፍትሔም ይፈልጋል፤ ነገር ግን ሐኪም ቤት ቢወስዳት ማን እንደሚቀበላት፣ ምን እንደሚጠይቃት፣ ምን እንደሚያደርግላት የነገረው የለም።

እኔ ልንገረው። ከሁሉ አስቀድሜ ግን የነገሬን ፍሬ ላስቀምጥ፦ ጭንቀትን የሚያሳድገው መሸሽ ነው። እኛ ወላጆችና አስተማሪዎች ደግሞ ስለምንራራ ልጁን እናሸሸዋለን። የሐኪሙ ሥራ ልጁን ወደሚፈራው ነገር በልኩና በደረጃ መመለስ ነው፤ ይህን ደግሞ ያለ እናንተ አይችለውም።

በመጀመሪያ ጭንቀት ሁሉ በሽታ አይደለም። ነገ ፈተና ያለበት ልጅ ልቡ ቢመታ፣ መዳፉን ቢያልበው፣ እንቅልፍ እንቢ ቢለው ጤነኛ ነው። ልጆቻችን የሚጨነቁበት በቂ ምክንያት አላቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚቀሩበትን ፈተና ሊፈተን፣ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ወደማያውቀው ግቢ የሚሄድ ልጅ «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ቢሉት ቃሉ ጆሮው አይገባም።

ታዲያ በሽታ የሚሆነው መቼ ነው? ጭንቀቱ ከምክንያቱ ሲበልጥ፣ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ለሳምንታትና ለወራት ሲቆይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኑሮን ሲያስተጓጉል ነው፤ ልጁን ከትምህርት ሲያስቀር፣ ከጓደኛ ሲነጥል፣ እንቅልፍና ምግብ ሲነሳ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆነ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ ጭንቀትም ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል አሥር ልጅ ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ግን «ተጨንቄያለሁ» ብለው አይመጡም። አንዷ ጨጓራዬን ትላለች፤ አንዱ ራሴን፣ ሌላው ልቤን። ጤና ጣቢያ ሄደው የጨጓራ መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ። እሑድ ማታ የሚነሳ፣ ዓርብ ከሰዓት የሚለቅ የሆድ ቁርጠት ካያችሁ፣ ልጄ ምን በላ ከማለታችሁ በፊት ሰኞ ምን አለባት ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሕክምናው እንግባ። አንዲት ልጅ እናስብ፤ ስሟን ሰናይት እንበላት። ሰናይት የአንድ ሰው ታሪክ አይደለችም፤ ከብዙ ልጆች ያውጣጣኋት ናት። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። ከገጠር መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቦቿ ትሄድና የሳምንት ስንቋን፣ እንጀራዋንና ሽሮዋን ተሸክማ ትመለሳለች። አንድ ቀን መምህሩ «ተነሽና አንብቢ» አሏት። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። በማግስቱ በዚያ ክፍለ ጊዜ አሞኛል ብላ ቀረች። ስትቀር ደረቷ ቀለል አላት። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ቅለት ነው። ሰውነቷ «ያዳነኝ መቅረቴ ነው» የሚል ትምህርት ወሰደ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ቀረች። ከዚያ ጓደኞቿ የክፍሉን ነገር ሲያነሱ መስማት አስጠላት። በመጨረሻ ቅዳሜ ሄዳ ሰኞ አልተመለሰችም። እናቷም «ልጄ፣ ካቃተሽ ይቅር፤ ያልተማረ ሁሉ ሞተ እንዴ?» አሏት። ከእናት አንጀት የወጣ ቃል ነው፤ በሽታውን ያጸናውም ይኸው ቃል ነው።

እናትና ልጅ ሐኪሙ ዘንድ ገቡ እንበል። እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ፤ ልጅቱ አፏን ሳትከፍት «ዓይን በልቷት ነው፤ ደህና ልጅ ነበረች» ብለው ጀመሩ። ጥሩ ባለሙያ እናትን በአክብሮት ይሰማል፤ ወዲያው ግን ፊቱን ወደ ልጅቱ ያዞራል። «ሰናይት፣ ዛሬ እዚህ መምጣትሽ የማን ሐሳብ ነው?» ይላታል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ልጅቱ ተጎትታ መጥታ ከሆነ ይህን የምትናገርበት የመጀመሪያው ቦታ ግን እሱ ነው። ቀጥሎ «እናቴ፣ ትንሽ ከውጭ ይጠብቁን» ብሎ እናትን ያስወጣና ውሉን ይናገራል፦ «የምትነግሪኝን ለእናትሽም ለመምህርሽም አላወራም። ራስሽን ለመጉዳት ካሰብሽ፣ ወይም ሰው እየጎዳሽ ከሆነ ግን ዝም አልልም፤ ያኔም ቢሆን ለማን እንደምናገር አስቀድሜ ለአንቺ እነግርሻለሁ።» ይህን ውል ያልሰማ ልጅ የልቡን አይናገርም፤ ቢናገርም ግማሹን ነው።

ከዚያ ስለ ሰውነቷ ይጠይቃል። ልብ የሚያስመታ ሁሉ ጭንቀት አይደለም፤ ደም ማነስም፣ የታይሮይድ ዕጢ በሽታም እንዲያ ያደርጋል። ለፈተና ልንቃ ተብሎ የሚጠጣ ቡና፣ ጫት፣ ለእንቅልፍ ተብሎ የሚቀመስ አረቄ እንዳለም ያጣራል። ቀጥሎ «ተነሽ ሲሉሽ መጀመሪያ ምን ታሰበሽ?» ይላታል።

«ሁሉም ሊስቁብኝ ነው፣ እግሬ ይከዳኝና እወድቃለሁ አልኩ።»

«እወድቃለሁ ብለሽ ስንት ጊዜ አስበሻል?»

«ኧረ ስንቱን!»

«ስንት ጊዜ ወደቅሽ?»

ልጅቱ ዝም ትላለች። አንድም ጊዜ አልወደቀችም። አባቶቻችን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ብለዋል። ጭንቀት የያዘው ልጅ ደግሞ ይህን አባባል ቀን ከሌት ያምነዋል። ሐኪሙ ከተረቱ ጋር አይጣላም፤ እንቁጠረው ነው የሚለው። ከፈራሻቸው ነገሮች ስንቱ ደረሰ? የደረሰውስ ያሰብሽውን ያህል ከፋ? ሳቁ በእርግጥ ደርሷል። እሱን አይክድም። ግን ሳቁ ስንት ደቂቃ ቆየ? የሳቁት ስንት ናቸው? ዛሬ ከእነሱ መካከል ያንን ቀን የሚያስታውስ አለ?

ማውራት ብቻ ግን ፍርሃትን አይሽርም። ሁለቱ አብረው መሰላል ይሠራሉ። ሰናይት እያንዳንዱ ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈራት ከአሥር ትሰጠዋለች። የኪራይ ቤቷ ውስጥ ለጓደኞቿ አንድ ገጽ ማንበብ፣ ሦስት። በእረፍት ሰዓት መምህሩን አንድ ጥያቄ መጠየቅ፣ አምስት። ክፍል ውስጥ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ አንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ፣ ሰባት። ተነስታ አንድ አንቀጽ ማንበብ፣ ዘጠኝ። ከታች ይጀመራል፤ እስኪለመድ ይደጋገማል፤ ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ይባላል። አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ ልብ መምታት ሲጀምር አቋርጦ አለመሮጥ። ያልሮጠ ልጅ ፍርሃት ወጥቶ ወጥቶ እንደሚወርድ፣ የፈራው ውድቀትም እንዳልመጣ በራሱ ሰውነት ያየዋል። የሌላ ሰው ምክር ይህን አይተካም።

ጎጃም ለዚህ ዘዴ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ ዝረፍ አይባልም። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እያደር ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ለብቻው ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ይነግራል፤ ይነቀፋል፤ አርሞ ይመለሳል፤ በመጨረሻም ሊቃውንት በተሰበሰቡበት ይቀኛል። የኔታ «ፈርተሃልና ይቅርብህ» አይሉትም። ገና ጉባኤ ቃና ያልሞላለትን ልጅም ጉባኤ መሐል አያቆሙትም። የሐኪሙም ጥበብ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ልጅቱ የምትለማመደው ቅኔ ሳይሆን ድፍረት መሆኑ ነው።

ይህ ሕክምና በምርምር የተፈተነ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተካሂዶ በ2008 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት ከ7 እስከ 17 ዓመት ያሉ 488 ልጆችን ይዞ ለ12 ሳምንታት ተከታተለ። የንግግርና የልምምድ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት 60 በመቶ ያህሉ በግልጽ ተሻላቸው። ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 55 በመቶ፣ ሁለቱንም ካገኙት 81 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ከዋጡት ደግሞ 24 በመቶ ተሻላቸው። ከዚህ የምንወስደው ሁለት ነገር አለ። መድኃኒት ጠላት አይደለም፤ ሐኪም ሲያዝ ይረዳል። ነገር ግን የበለጠ የሚረዳው ከልምምዱ ጋር ሲሆን ነው። ጥናቱ 12 ሳምንታት ፈጅቷልና በጥቂት ቀናት ሙሉ ለውጥ አትጠብቁ።

አሁን ከውጭ ወደሚጠብቁት እናት እንመለስ። የዬል ዩኒቨርሲቲው ኤሊ ሌቦዊትዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ያልተለመደ ነገር ሞከሩ፤ የሚጨነቁትን ልጆች ትተው ወላጆቻቸውን ብቻ አሠለጠኑ። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ወላጆቻቸው የሠለጠኑላቸው ልጆች ራሳቸው ከታከሙት ልጆች ባልተናነሰ ተሻላቸው። ወላጆቹ የተማሩት ምን ነበር? ልጁን ከሚፈራው ነገር ለማሸሽ የሚያደርጉትን ነገር ቀስ በቀስ መተውና አነጋገራቸውን መለወጥ ነው።

እኛ ቤት ሁለት ዓይነት አነጋገር አለ። አንዱ «ምን ያስፈራል! እኔ በአንቺ ዕድሜ ጫካ አድሬ ከብት እጠብቅ ነበር» ነው። ሌላው «በቃ ይቅርብሽ» ነው። የመጀመሪያው ልጅቱን ብቻዋን ይተዋታል፤ ሁለተኛው ደካማ መሆንሽን እኔም አምኛለሁ ብሎ ይፈርምባታል። ከሁለቱ ይልቅ እንዲህ በሏት፦ «እንደፈራሽ አይቻለሁ፤ ከባድ ነው። ግን ትችይዋለሽ።» ፍርሃቷን ማመንና ችሎታዋን ማመን በአንድ ትንፋሽ መሄድ አለባቸው።

የወላጅ ፍቅር ሸክም ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ አንሄድም። ከዚህ ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገድ ላይ ማንኩሳን ታገኛላችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። ወላጆቹ እንዲያድግላቸው ሲሉ ተስለው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። የተሳሉት በፍቅር ነበር፤ ያንን ስእለት አፈርሳለሁ የሚለውን ፍርሃት ግን ተሸክሞ የኖረው ልጁ ነው። በልቡ ያለውን የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። «በቤተሰቡ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ገቢ አንተ ነህ» እየተባለ የሚያድግ የዛሬ ልጅም ሳይጠየቅ የተሰጠ ስእለት አለበት። ተስፋ አታድርጉበት ማለቴ አይደለም፤ ተስፋችሁ ሲከብደው የሚነግራችሁ ቀዳዳ ተዉለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብኝ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው አደጋ በሌለበት ለሚፈራ ልጅ ነው። በዚህች ከተማ ግን ፍርሃት ሁሉ ከሐሳብ የሚመጣ አይደለም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚሁ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ሰዎች ሞተዋል። በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥን ልጅ «ተለማመደው» የሚል ባለሙያ ካለ ሥራውን አያውቅም። አደጋ ባለበት መሸሽ ጥበብ ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚደረገው ሌላ ነው፦ የመኝታና የመብል ሰዓቱ ባለበት እንዲጸና፣ ከእኩዮቹ ጋር እንዲጫወት፣ ሌሊትና ቀን ወሬ ከሚያወራ ሬዲዮና ስልክ እንዲርቅ፣ እውነቱ በዕድሜው ልክ እንዲነገረው ማድረግ ነው። ወራት አልፈውም ያየውን በሕልሙና በውኑ እያየ የሚባንን ከሆነ ግን ጊዜ ይሽረዋል ብላችሁ አትተዉት፤ ለዚያም የራሱ ሕክምና አለው።

«ሐኪሙ የት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ ፊታችሁ ላይ ይታየኛል። በአገራችን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሳይካትሪስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከአማኑኤል ጋር በአእምሮ ጤና በማስተርስ ማሠልጠን ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። በየከተማው ሸክሙን የያዙት ግን የሥነ አእምሮ ነርሶች ናቸው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያያችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ትላካላችሁ። ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከዚህ 176 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም።

መንገዱ ሲዘጋስ? ዚምባብዌን ልጥቀስ። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ ሳይካትሪስት በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ውስጥ ሴት አያቶችን አሠለጠኑ። እነዚህ እናቶች ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ የተጨነቀ ሰው ሲመጣ አዳምጠው፣ ከችግሮቹ አንዱን አስመርጠው፣ ለዚያ አንድ ችግር የሚወሰደውን እርምጃ አብረው ይወጥናሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የተረዱት ሰዎች ሕመም በእጅጉ መቀነሱን አሳየ። እኛም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የእድር እናቶች፣ የሚያዳምጡ መምህራን አሉን። ሐኪሙን አይተኩትም፤ ሐኪሙ ዘንድ ሳይደርስ የሚቀረውን ልጅ ግን ይደርሱለታል።

«ጸበሉንስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጸበሉን ከመድኃኒቱ ማጣላት አያስፈልግም። አዲስ አበባ እንጦጦ ማርያም ላይ የጸበሉ አገልጋዮችና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን ረድተዋል። ጸበል እየተጠመቀ መድኃኒቱንም የሚወስድ፣ ልምምዱንም የሚያደርግ ልጅ ሃይማኖቱን አልካደም። የነፍስ አባት «ሂድ፣ ታከም» ካሉት ደግሞ ከእኔ አሥር ቃል የእሳቸው አንድ ቃል ይበልጣል።

ባለሙያውን ስታገኙ ጠይቁት፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ምን ተማርክ? ፈቃድ አለህ? ልጄን በምን ዘዴ ታክማታለህ? ቤት ወስደን የምንሠራው ምን ትሰጠናለህ? መሻሏን በምን እናውቃለን? «በአንድ ቀን አድናታለሁ» ካለ፣ የሌላ ልጅ ምሥጢር ካወራላችሁ፣ ልጅቱን ሳያናግር ክኒን ብቻ ሰጥቶ ከሸኛችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ልጃችሁ «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል ከወጣው ግን ለቁጣም ለምክርም አትቸኩሉ። «ራስህን ለመግደል አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም፤ እፎይታን ነው የሚሰጠው። ብቻውን አትተዉት፤ መርዝና ገመድ አርቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት።

እናንተ ወጣቶች፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምታችኋል። ሁሉንም ለሁሉም ንገሩ አልልም፤ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ያ ሰው ካልሰማችሁ ለሌላ ሰው ንገሩ። መምህራን ሆይ፣ የሚንቀጠቀጠውን ልጅ ከመጠየቅ አትዝለሉት፤ ሳይዘጋጅም አታስነሱት። «ነገ ሁለተኛውን ጥያቄ አንተ ትመልሳለህ» ብላችሁ ከዋዜማው ንገሩት፤ የሚስቀውንም ዝም አሰኙ። ወላጆች ሆይ፣ ከነገ ጀምሮ ልጃችሁን የምታሸሹበትን አንድ ነገር ለዩ፤ አንድ ብቻ። እሱን ከልጃችሁ ጋር ተመካክራችሁ በትንሽ በትንሹ መልሱት። ሁለት ሳምንት ሞክራችሁ ካቃታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኔና የባልደረቦቼ ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ስለ «ዘመድ ልጅ» የሚጠይቅ ካለ ሰው እስኪበተን አይጠብቅ፤ ከዚሁ እንጀምር።